የደረቁ ሌሊቶች ዕቅድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሞላሌ

ይህ ደብተር የመሥሪያ ቤት ነው። ሽፋኑ ላይ «ቃለ ጉባኤ» ይላል። ስብሰባችን ማለቂያ የለውም፣ ደብተሩም እንደዚያው፤ አንዱ ቢጎድል ማንም አያውቅ ብዬ በቦርሳዬ ይዤው መጣሁ። እግዜር ይይልኝ። የማዋራው ሰው ስላጣሁ ነው።

ባለቤቴ ምንዳዬ ዛሬ በጠዋቱ መኪና ሄደ። ቀያሽ ነው፤ ለመሬት ልኬታ መርሐቤቴ መደቡት። «ሦስት ወር ብቻ ነው፣ የምሥሬ» አለኝ። ዕቅድና ሪፖርት ክፍል እየሠራሁ የመንግሥት ሦስት ወር ስንት ወር እንደሆነ ጠፍቶኝ! ማሙሽ አምስት ዓመቱ ነው፤ መኪናውን እያለቀሰ ተከትሎ ሮጠ፣ አንድ እግር ጫማውን መንገድ ላይ ጥሎ ተመለሰ። ጽናት ግን አላለቀሰችም። በሩ ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘች፣ ከዚያ ገብታ ደብተሯን አወጣች። ገና ዘጠኝ ዓመቷ፣ ግን ትልቅ ሰው ሆናለች። ኮራሁባት።

የምንዳዬ እናት እማማ ፀሐይወርቅ ከዘመሮ መጥተው ከእኛ ጋር ሊከርሙ ነው። እንዝርታቸውንና አንድ ጆንያ የበግ ፀጉር ይዘው መጥተዋል። ከልጆቹ ጋር ሳሎኑ መደብ ላይ ይተኛሉ። ቤቱ ጠበበ ማለት ነውር ነው። ጠቧል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ጽናት መኝታዋ ላይ ሸናች። ምን ነካት? ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ የረሳችው ነገር ነው። ብርዱ ይሆናል። የምትለብሰውን የበግ ፀጉር ባና አጥሩ ላይ አሰጣሁት። ረፍዶብኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ደገመች። ማታ ውሃ ከለከልኳት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

አምስተኛው ነው ዛሬ። የመንዝ ባና ሲደርቅ ያሞቃል፤ ሲረጥብ ግን ከነሕይወቱ በግ ይከብዳል፣ በዚህ ውርጭ ደግሞ ሁለት ቀን ሦስት ቀን አይደርቅም። የትናንቱ አጥር ላይ፣ የዛሬው በእጄ፣ ማሙሽ ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ፣ ስልኬ ይጮሃል፤ አለቃዬ አቶ ወዳጆ ናቸው፣ «የችግኙ ሪፖርት የት ደረሰ?» ይላሉ። ፈነዳሁ። «አንቺ ልጅ፣ አሁን ይሄ ምን ይባላል! እንዲህ ከሆንሽ አባትሽም አይመጣ! ማን ወደ ሽንት ቤት ይመጣል!» አልኳት። አፌ አያርፍም እኮ። መንገድ ላይ ትንሽ ቆጨኝ፤ ቢሮ ስደርስ የየቀበሌው ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ ስላገኘሁት ረሳሁት።

ማታ ስገባ ጽናት ዕቃውን ሁሉ አጥባ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ የማሙሽን እግር አጥባ ጠበቀችኝ። ማንም ሳያዛት። ለካ አንዳንዴ መቆጣትም ይጠቅማል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ቀኑን ሙሉ የጸደቀ ችግኝ ስደምር ዋልኩ። ክረምት የተተከለው ሁሉ ጸድቋል እያሉ ነው ቀበሌዎቹ የሚልኩልኝ። ውርጩ ግን የኔን ቤት ጎመን እንኳ አልማረም። አብሮኝ የሚሠራው ዳኜ ወረቀቱን አይቶ «በዚህ ሪፖርት ከሆነ መንዝን ጫካ ውጧታል፤ ዛሬ ወደ ቤቴ ስሄድ ጅብ እንዳይበላኝ ሸኚኝ» አለ። ሳቅሁ። ሳቅሁና 92 በመቶ ብዬ አስገባሁ። አቶ ወዳጆ ከዘጠና በታች አይወዱም።

ጽናት ዛሬም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

መላ ዘየድኩ! ሰውን ሁሉ ዕቅድ አውጡ እያልኩ የምነዘንዝ ባለሙያ ለራሴ ልጅ እንዴት እስከ ዛሬ ዕቅድ አላወጣሁም? ከቢሮ አንድ ትልቅ የስብሰባ ወረቀትና ሁለት ማርከር አመጣሁ። ርእስ፦ የደረቁ ሌሊቶች ዕቅድ። ደርቆ ካደረ ሰማያዊ፣ ከረጠበ ቀይ። ግብ፦ እስከ ገና መቶ በመቶ። ሁሉም እንዲያየው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

እማማ እንዝርታቸውን እያሾሩ መጥተው ቆሙ። «ይኼ ምንድን ነው? የበዓላት ቀን ነው?»

«የጽናት ዕቅድ ነው፣ እማማ። ለሽንቷ።»

«ለሽንት ዕቅድ?» ብለው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «በኛ ጊዜስ ያለ ዕቅድ ነበር የሚመጣው።»

ፊደል ስላልቆጠሩ ነው። ጽናትን «ገባሽ?» አልኳት፤ «እሺ እማዬ» አለች። የሹራቧን እጅጌ ታኝካለች ደግሞ። አዲስ ሹራብ እኮ ነው!

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ሲያቃጥል ዋለ፣ ዓይናችን በጭስ ጠፋ። ጎረቤታችን ጫኔ ከነቤተሰቡ ጠላ ሊቀምስ ገባና ግድግዳውን አየ። «ይኼ ቀይ ቀዩ ምንድን ነው?» ሲል ማሙሽ ማን ቀድሞት፦ «ጽናት የሸናችበት ነው!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ጽናት ወደ ጓዳ ገባች። ከቅዳሜ ወዲህ ሦስት ቀይ አላት፣ ሊያሳፍራት ይችላል። ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ሰባት ቀን በተከታታይ ሰማያዊ! ሰባት! እንዲህ ያለ አፈጻጸም በወረዳው ታሪክ ውስጥም የለ። ደስታዬን አልቻልኩትምና ኔትወርኩ ሲመጣ ለምንዳዬ ደወልኩ። ጽናት ስልኩን ተቀበለችኝ፣ በሁለት እጇ ያዘችው።

«አባዬ፣ ሰባት ቀን ሆነኝ። አሁን ትመጣለህ?»

ለታኅሣሥ ገብርኤል እመጣለሁ አላት። የልጅ ነገር፣ ምኑን ከምኑ እንዳገናኘችው!

እማማ ግን እርጅናው ሳይጫናቸው አልቀረም። ዛሬም የሳቸው ባና ነው አጥሩ ላይ የተሰጣው። «ሻይ ደፋሁበት» አሉኝ። ማክሰኞ ዕለት ውሃ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ድመት ነበረች። ድመት የለንም። የባልን እናት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ብለው ይጠይቋቸዋል? ለሳቸውም ሰሌዳ አልለጥፍ ነገር! አንጀቴን በሉት፣ ምንም አልናገርም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

የጫኔ ሚስት በአጥሩ ላይ «እማማ፣ ባናዎ ምነው በዛ?» አለቻቸው። እማማ «የዕድሜ ነገር ነው ልጄ፣ ላንቺም ይድረስሽ» ብለው መለሱላት። እኔ አፈርኩላቸው፣ እሳቸው ግን አላፈሩም።

ገበያ ላይ የጽናትን አስተማሪ መምህርት ዓለሚቱን አገኘኋት። ወጣት ናት፣ ንግግሯ ቀጥታ ነው። «ጽናት ክፍል ውስጥ ትተኛለች፤ ጥያቄ ስጠይቃት እንባዋ ይቀድማል። የሹራቧን እጅጌም በልታ ጨርሳለች። እቤት ምን አለ?» አለችኝ።

«እቤትማ ምንም የለ፣ እቤት ሰማያዊ ናት» አልኳት።

«ምን?»

«ማለቴ… ደህና ናት።» ሽንኩርቱን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ግምገማ ዋልን። ግማሹ ቤት በጾም ያዛጋል። የአቶ ወዳጆ ተራ ሲደርስ አንድ በአንድ እየተነሳን ተናገርን። «ክፍተት የለባቸውም። ካለም ለሥራ ብለው ለጤናቸው አለመጠንቀቃቸው ነው።» ይህን ስምንት ሰው ደገመው። ስድስተኛዋ እኔ ነኝ። እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነው የተናገርኩት፤ ባለፈው ዓመት እውነቱን የተናገረው ልጅ አሁን የት እንደተመደበ ሁሉም ያውቃል። ዳኜ ጆሮዬ ላይ «ሲፈሩ መውደድ እንዴት ይጣፍጣል» አለኝ፤ ሳቄን ሳል አስመስዬ አመለጥኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ምንዳዬ ደወለ። ለገብርኤል አልተፈቀደለትም። ለገና ነው። ጽናት ሰማች። ሰሌዳው ጋ ሄዳ ሰማያዊዎቹን በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። ሁለት ጊዜ ቆጠረች። መሽቶብኛል፣ ነገ እጽፋለሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ለቅዳሴ ልሄድ ገና ሳይነጋጋ ተነሳሁ። ሳሎን ስደርስ እማማ በጨለማ ጎንበስ ብለው ከጽናት ሥር ባና ይጎትታሉ። የራሳቸውን ደረቁን አልብሰዋት፣ የሷን እርጥቡን ጠቅልለው በብብታቸው ያዙት። ጽናት ግድግዳ ተደግፋ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። ተቀምጣ!

«እማማ!»

«ዝም በይ፣ ልጅቷ ትነቃለች። አሁን ገና ነው ያሸለባት። እንዳልሸና ብላ ስትቀመጥ ታድራለች፣ ሲነጋጋ እንቅልፍ ይጥላታል፣ ያኔ ያመልጣታል።»

ግቢው ውስጥ በውርጩ ቆመን ተነጋገርን። ተቆጣሁ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እሱ ነው፣ አልዋሽም። ሠላሳ ቀን ሰማያዊ የሐሰት ሪፖርት! «ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ቀይ ታደርጊያለሽ።»

«ለሷው ብዬ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። እኔ ፊደል አላውቅም፣ ቀይሽንም ሰማያዊሽንም አላውቅም። የልጅ ፊት ግን አውቃለሁ።» ባናውን አጥሩ ላይ ወረወሩት። በሰማንያ ዓመታቸው፣ በሰፈሩ ሰው ፊት፣ የሷን ሽንት የራሳቸው አድርገው ወር ሙሉ ሲሰጡ ከረሙ። እኔ ደግሞ ለሳቸው ማዘኔ!

«ምንድን ነው የሆነችው ታዲያ?» አልኳቸው።

«እሱን አልነግር ብዬ ምዬላታለሁ። ከራሷ ስሚ፤ ብቻ ስትጠይቂ ማርከሩን አስቀምጪ።»

ቅዳሴው አለፈኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

ሰኞ ለዳኜ ነግሬው ነበር። ሳቀና «እኛም እኮ ባና ነው የምንቀያይረው» አለኝ። ሁለት ቀን ሳብሰለስለው ከረምኩ። እንዴት ልጠይቃት? በቀጥታ ከጠየቅኋት «ደህና ነኝ» ነው የምትለኝ። ከማውቀው ውጭ ምን ዘዴ አለኝ፣ ዛሬ ከራት በኋላ ግምገማ ጠራሁ። «የምትገመገመው እማዬ ናት። የፈለጋችሁትን ተናገሩ፣ አልቆጣም» አልኩ። ማሙሽን ሰብሳቢ አደረግሁት፤ ጭልፋ ይዞ ወንበር ላይ ወጣ።

«እማዬ ጥሩ ናት። ከረሜላ ግን አትገዛም» አለ። ተመዘገበ።

ጽናት ተነሳች። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ እንዲህ አለች፦ «እማዬ ክፍተት የለባትም። ትደክማለች እንጂ።»

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ያንን አነጋገር አውቀዋለሁ። ያንን አቋቋምም አውቀዋለሁ። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት እኔው ነኝ እንደዚያ የቆምኩት። ልጄ እኔን የምትፈራኝ እኔ አቶ ወዳጆን በምፈራው ልክ ነው።

ቁጭ አልኩ፣ መሬቱ ላይ። «እሺ፣ እኔ ራሴን ልገምግም» አልኳቸው። ተነሳሁና ሰሌዳውን ከግድግዳው ገነጠልኩት። መለጠፌ ጥፋት ነው አልኩ። ጫኔ ሲስቅ አብሬ መሳቄ ሌላ ጥፋት ነው። ጠዋት ጠዋት መጮሄ፤ ውሃ መከልከሌ። ቢሮ አለቃዬን እንደምፈራ፣ ፈርቼም እንደምዋሽ ነገርኳቸው። ማሙሽ «አንቺም?» ብሎ ጭልፋውን ጣለ።

«የረሳሁት ነገር አለ?» ስል የእማማ እንዝርት ቆመ። ጽናት እጅጌዋን አኘከች፣ አኘከች፣ ከዚያ በቀጭን ድምፅ «አባዬ አይመጣም ያልሽው» አለች።

«እኔ? መቼ?»

«ስሸና።»

አላስታወስኩም። እግዜር ያሳያችሁ፣ አላስታወስኩም! ይህን ደብተር አምጥቼ ወደ ኋላ ገለጥኩ። ጥቅምት 27። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ ከሥሩ ደግሞ «መቆጣትም ይጠቅማል» ብያለሁ። ሃምሳ ቀን ሙሉ ያቺ ልጅ አባቷ የቀረው በሷ ሽንት መስሏት፣ ደርቃ ልታመጣው ስትታገል ከረመች። ለገብርኤል ሲቀር ደግሞ ዕቅዷ ያልተሳካ መሰላት።

«በኔ ነው የቀረው?» አለችኝ። አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ እኔማ ማቆሚያው ጠፋኝ። አቅፌያት «አይደለም፣ በሥራው ነው፣ እማዬ ዋሽታ ነው» እያልኩ ደጋገምኩ፤ ማመኗን አላውቅም፣ እንደ እንጨት ደርቃ ነበር።

ያዳኑን እማማ ናቸው። «ሽንት የሚያባርረው ቢሆን አባትሽ መጀመሪያ ከራሱ በሸሸ ነበር» አሉ።

ጽናት ቀና አለች። «ምን?»

«ዳዊት እየደገመ፣ ዲቁና ሊቀበል ሲል፣ ሲሸና ነበር! ያውም በወንድሞቹ ላይ። የፈተልኩትን ባና ሁሉ እሱ ነው የጨረሰው። ኋላ በራሱ ጊዜ ተወው፤ ማንም ቀለም አልቀባበትም።»

«አባዬ?» አለች ጽናት። «አባዬ ሸንቶ?» መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ስትስቅ ነው። ማሙሽ መሬት ላይ ተንከባለለ። የኔ ጌታ ምንዳዬ፣ የመርሐቤቴው ቀያሽ፣ ስምህ ዛሬ ማታ ሞላሌ ላይ እንዴት እንደተነሳ ብታውቅ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

ሰሌዳ የለም። ማሙሽ ጀርባው ላይ አንበሳ ሣለበት፤ ቀይና ሰማያዊ አንበሳ። ጽናት ተኝታ ታድራለች አሁን፣ ተጋድማ። ምን ያህል እንደረጠበ አልቆጠርኩም። (ሁለት ጊዜ ነው። ሱስ ሆኖብኛል።) ጠዋት ከመጮሄ በፊት ወደ ጓዳ ገብቼ በቡጢ ሊጡን እመታለሁ፤ እማማ «ሊጡ ምን አደረገሽ?» ይሉኛል። አንድ ቀን ግን አምልጦኝ ጮኼያለሁ። ይቅርታ ጠየቅሁ።

የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ደረሰ። ችግኙን አሁንም 92 ብዬ ጻፍኩ። በቤቴ ጀምሬያለሁ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ገና ልቤ አልደረሰም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና

በጉ ታረደ፣ ቤቱ ተጎዝጉዞ ዋለ። ምንዳዬ ግን አልደረሰም። ከመርሐቤቴ ዓለም ከተማ የተነሳው መኪና ጎማው ፈንድቶ መንገድ ላይ አደሩ፤ ሌላ ጎማ እስኪመጣ ዓርብ ነው አሉ። ስልኩን ስዘጋ ዓይኔ ጽናት ላይ ነበር። ሥጋዋን አስቀመጠች። ምንም አልጠየቅኋትም፤ አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ቆይታ በላች፣ ግማሹን።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 30፣ ሳይነጋ

አንድ ቀዝቃዛ ነገር ትከሻዬን ነካኝ። ጽናት ናት፣ በባዶ እግሯ፣ ባናውን በሁለት እጇ እየጎተተች።

«እማዬ፣ ረጥቧል» አለችኝ። «እኔ ነኝ። እማማ አይደሉም።»

«እሺ» አልኳት። ብርድ ልብሱን ገልጬ አስገባኋት። እግሯ በረዶ ነው።

«አባዬ የቀረው በጎማው ነው፣ አይደል?»

«በጎማው ነው።»

«በኔ አይደለም።»

«ባንቺ አይደለም።»

እንቅልፍ ይዟት የሄደ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በጨለማው ውስጥ፣ ያለ አንዳች ፍርሃት፣ «እማዬ፣ ክፍተት አለብሽ» አለችኝ።

«ምን?»

«ታንኮራፊያለሽ። ጫኔ ቤት ሳይሰማ አይቀርም።»

ሳቄ እማማን ቀሰቀሳቸው፤ «ምን ሆናችሁ በማለዳ!» ብለው ተቆጡን። ጽናት ግን አጠገቤ እንደተጠቀለለች ተኛች፤ ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው፣ ሌላውን ይዛብኛለች። ክፍተቱን ተቀብያለሁ። ባናውን ሲነጋ ሁለታችን አብረን እናሰጣዋለን፣ እስከ ዓርብ ይደርቅ ይሆናል።